ሌየሮችን ማስማማትና ባለ ሦስት አውታር ካርታ መሥራት፦ የስሜን ተራሮች በኪውጂአይኤስ

በወረቀት ወይም በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ሁለት ሌየሮች (የሚደራረቡ የካርታ ንጣፎች) በ200 ሜትር ቢዛነፉ ብዙ ጊዜ ማንም ልብ አይልም። ካርታው ወደ ስሪዲ ሲለወጥ ግን ያው 200 ሜትር ወንዙን ከሸለቆው አንሥቶ ገደሉ ወገብ ላይ ይሰቅለዋል፤ የእግር መንገዱም ከሸንተረሩ ወርዶ አፋፉ ላይ ይለጠፋል። ባለ ሦስት አውታር ካርታ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የስሪዲው መስኮት ከመከፈቱ በፊት፣ ሌየሮቹ ሲደራረቡ ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ለማስማማቱ ሥራ ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለዚህ ነው።

ምሳሌያችን የስሜን ተራሮች ናቸው። ከምሥራቅ 37.85 እስከ 38.45 ዲግሪ፣ ከሰሜን 13.10 እስከ 13.40 ዲግሪ ያለውን ቦታ እንወስዳለን፤ ስፋቱ በግምት 65 በ33 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን ይደርሳል። ገደሉ ቀጥ ያለ በመሆኑ ትንሽ መዛነፍ እንኳ ወዲያው ይታያል፤ ለመማር ከዚህ የተሻለ መሬት አይገኝም። የምንጠቀመው ሶፍትዌር ነፃ የሆነው የካርታ መሥሪያ ኪውጂአይኤስ ነው። ሜኑዎቹን በእንግሊዝኛው አጠራር በ« » ውስጥ አስቀምጠናቸዋል።

የሚያስፈልጉት መረጃዎች ሦስት ናቸው፦ የተቃኘ የ1፡50,000 ቶፖግራፊ ካርታ፣ የከፍታ መረጃ ማለትም ዴም፣ እንዲሁም የመንገድና የወንዝ መስመሮች። የቶፖግራፊ ካርታው በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት፣ በአሁኑ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በኩል ይገኛል። ዴሙ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከሚያስተዳድረው ኧርዝ ኤክስፕሎረር አካውንት በመክፈት ብቻ ያለ ክፍያ ይወርዳል። መስመሮቹን ደግሞ «ክዊክ ኦኤስኤም» በተባለው ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) ከነፃው የዓለም ካርታ ከኦፕን ስትሪት ማፕ መሳብ ይቻላል።

ሌየር በእጅ አይገፋም

የጀማሪ ትልቁ ፈተና፣ ሁለት ሌየሮች አልገጥም ሲሉ አንዱን በመዳፊት ጎትቶ ማስገጠም ነው። ይህ መድኃኒት የሚመስል በሽታ ነው። የጎተታችሁት ሌየር እዚያች ቦታ ላይ ይገጥምና 20 ኪሎ ሜትር ራቅ ሲል እንደገና ይዛነፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሦስተኛ ሌየር ከሁለቱም ጋር አይስማማም፤ ስሕተቱም ከየት እንደመጣ የሚነግር ምልክት አይቀርም። መዛነፍ ሁልጊዜ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም በመጠኑና በአቅጣጫው ይታወቃል።

ስለዚህ ማንኛውንም ሌየር ከመደረብ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ቁጥሮቹ በምን ዳተም (የልኬት መነሻ) ላይ ተለክተዋል? በምን ፕሮጀክሽን (ክቧን ምድር ወደ ጠፍጣፋ ካርታ በሚለውጥ ስሌት) ተጽፈዋል? የኢትዮጵያ መረጃ በአብዛኛው ከሁለቱ በአንዱ ነው። የቆዩ የቶፖግራፊ ካርታዎች፣ ብዙ የከተማ ፕላኖችና የኦቶካድ ፋይሎች በአዲንዳን ዳተም ላይ ናቸው፤ እሱም ክላርክ 1880 የተባለውን የምድር ቅርጽ ይጠቀማል። የሳተላይት ምስል፣ ጂፒኤስ፣ ዴምና ኦፕን ስትሪት ማፕ ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ላይ ናቸው። ፕሮጀክሽኑ በሁለቱም በኩል ብዙውን ጊዜ ዩቲኤም፣ ማለትም ምድርን በዞኖች ከፍሎ በሜትር የሚቆጥረው ሥርዓት ነው። አገራችን ሦስት የዩቲኤም ዞኖችን ትነካለች፦ ከ36 ዲግሪ በስተ ምዕራብ ዞን 36፣ ከ36 እስከ 42 ዞን 37፣ ከ42 በስተ ምሥራቅ ዞን 38። ስሜን በዞን 37 ውስጥ ነው።

ለሶፍትዌሩ የምትሰጡት መለያ ቁጥር እንግዲህ ይህ ነው፦ ለአዲንዳን ዞን 37 ሰሜን ኢፒኤስጂ 20137፤ ለደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37 ሰሜን ኢፒኤስጂ 32637፤ በዲግሪ ለተጻፈ የጂፒኤስ መረጃ ኢፒኤስጂ 4326። ለዞን 36 እና 38 በሁለቱ የዩቲኤም ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ብቻ ይለወጣሉ። እነዚህን ቁጥሮች ጠረጴዛችሁ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ሌየሩ የወደቀበት ቦታ በሽታውን ይናገራል

የሌየሩን ባሕርይ በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ኢንፎርሜሽን» ገጽ ላይ ክፈቱና «ኤክስቴንት» (ሌየሩ የሚሸፍነው ክልል) የሚለውን ተመልከቱ። ቁጥሮቹ 38 እና 13 አካባቢ ከሆኑ ዲግሪ ናቸው። ባለ 6 አሃዝና ባለ 7 አሃዝ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ለራስ ደጀን አካባቢ 432,000 እና 1,464,000 ገደማ፣ ዩቲኤም ናቸው። 4.2 ሚሊዮንና 1.48 ሚሊዮን አካባቢ ከሆኑ የድረ ገጽ ካርታዎች የሚጠቀሙበት ዌብ መርካተር ነው።

ቁጥሩ ካልተናገረ የወደቀበት ቦታ ይናገራል። ከበታቹ የዓለም ካርታ አድርጋችሁ ሌየሩ የት እንዳረፈ እዩ።

የስሜን ሌየር ሄዶ ሲሲሊ ደሴት፣ ፓሌርሞ አጠገብ ካረፈ ላቲቲውድና ሎንጊቲውድ ተቀያይረዋል። ከኤክሴል የመጣ ሠንጠረዥ ሲጫን «ኤክስ» ውስጥ ላቲቲውድ ከገባ የሚሆነው ይህ ነው፤ ኤክስ ሎንጊቲውድ፣ ዋይ ላቲቲውድ መሆኑን አትርሱ። ሌየሩ ምዕራብ ኬንያ ውስጥ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር አንዲት ነጥብ ሆኖ ከቀረ፣ ዲግሪ የሆነውን ቁጥር ዩቲኤም ብላችሁ ሰይማችሁታል ማለት ነው፤ ሶፍትዌሩ 38 ዲግሪን 38 ሜትር ብሎ አነበበው። ከትክክለኛው ቦታ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ተሻግሮ የመን ውስጥ ካረፈ የዞን 37 መረጃ ዞን 38 ተብሎ ተሰይሟል።

እነዚህ ግዙፍ ስለሆኑ አያሳስቱም። አደገኛው ትንሹ ነው። በስሜን አካባቢ የአንድ ነጥብ የደብሊውጂኤስ 84 ቁጥር ከአዲንዳኑ ቁጥር በምሥራቅ 95 ሜትር፣ በሰሜን 205 ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ አዲስ አበባ ላይም ልዩነቱ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ አንድ ሌየር ከሌሎቹ ወደ ደቡብ ምዕራብ 225 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ከታየ አዲንዳን ሆኖ ሳለ 32637 ተብሏል። በተቃራኒው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያንኑ ያህል ከሄደ ደብሊውጂኤስ የነበረው 20137 ተብሏል። መፍትሔው በሁለቱም በኩል መለያውን ማስተካከል እንጂ ሌየሩን መግፋት አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ትእዛዞች በጣም ይምታታሉ። «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» (ሲአርኤስ ማለት የዳተሙና የፕሮጀክሽኑ ሥርዓት ነው) ቁጥሮቹን ሳይነካ ስማቸውን ብቻ ይለውጣል። «ሪፕሮጀክት ሌየር» ደግሞ ቁጥሮቹን ራሳቸውን አስልቶ አዲስ ፋይል ይጽፋል። የመጀመሪያው መለያ የሌለው ወይም የተሳሳተ መለያ የያዘ ፋይልን ለማረም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መለያው ትክክል የሆነን ፋይል ወደ ሌላ ሥርዓት ለማዛወር ነው። አዲንዳን የሆነን ፋይል ወደ ደብሊውጂኤስ ለማዛወር «ሴት» የሚለውን የተጠቀመ ሰው 225 ሜትር ስሕተት በገዛ እጁ ፈጠረ። ኦቶካድ ፋይል ሲጫን ብዙውን ጊዜ መለያ ስለማይኖረው መጀመሪያ «ሴት» ከ20137 ጋር፣ ቀጥሎ «ሪፕሮጀክት» ወደ 32637 ይደረጋል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ።

ከአዲንዳን ሲዛወር ሶፍትዌሩ የትኛውን ስሌት ልጠቀም ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አዲንዳን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በብዙ አገሮች የተሠራበት በመሆኑ ለየአገሩ የተለያየ ስሌት አለው። ለኢትዮጵያ የሚሆነው −165፣ −11 እና 206 ሜትር የሚሉትን ሦስት ቁጥሮች የያዘው ነው። ለኢትዮጵያና ለሱዳን አማካይ ተብሎ የተሰላው −166፣ −15፣ 204 ቢመረጥም ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ነው፤ የማሊ ወይም የካሜሩን ከተመረጠ ግን ከቦታው በግልጽ ይወጣል። ትክክለኛው ስሌትም ቢሆን ጥቂት ሜትር ስሕተት አለው፤ ለ1፡50,000 ካርታ ይበቃል፤ ለይዞታ ወሰን ልኬት ግን ማንም አይጠቀምበት።

ስለ እጅ ጂፒኤስም አንድ ነገር ይታወቅ። መሣሪያው ስክሪኑ ላይ አዲንዳን እንዲያሳይ ቢደረግም፣ በጂፒኤክስ (የጂፒኤስ ነጥብና ዱካ በያዘ) ፋይል የሚያወጣው ሁልጊዜ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ከስክሪን ወደ ማስታወሻ ደብተር የተገለበጠው ቁጥር ግን አዲንዳን ነው። የአንድ ቡድን ሁለት አባላት፣ አንዱ ፋይል ሌላው ደብተር ይዘው ሲመጡ የሚጣሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የተቃኘውን ካርታ መሬት ማስያዝ

የ1፡50,000 ገጽ 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ ይሸፍናል፤ በስሜን ኬክሮስ 27 ኪሎ ሜትር ተኩል በሚያህል ካሬ ስለሚመጣ ወረቀቱ ላይ ወደ 55 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በኤ4 ስካነር ቆራርጣችሁ አታንሡት፤ ትልልቅ ፕላን የሚያነሣ ስካነር ያለው ማተሚያ ቤት ወስዳችሁ በ300 ዲፒአይ፣ በቲፍ አስነሡት። በስልክ የተነሣ ፎቶ በሌንሱ ምክንያት ጠርዙ ይጎብጣል፤ ኋላ ላይ ለማቃናት የሚፈጀው ጊዜ ማተሚያ ቤት ከመሄድ ይበልጣል። በ300 ዲፒአይ አንድ ፒክስል መሬት ላይ 4.2 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ቁጥር ያዙት።

በመጀመሪያ የካርታውን ግርጌ አንብቡ። ስፌሮይድ (የምድር ቅርጽ)፣ ዳተም፣ ዞንና የኮንቱር (የእኩል ከፍታ መስመር) ልዩነት እዚያ ተጽፈዋል። አዲንዳንና ክላርክ 1880 ካለ መለያው 20137 ነው። ከዚያ «ሌየር» ሜኑ ውስጥ «ጂኦሬፈረንሰር»ን ክፈቱ፤ በቆዩ ቨርዥኖች «ራስተር» ሥር ነው። የተቃኘውን ምስል ጫኑና የቁጥጥር ነጥብ (ቁጥሩ የታወቀ ቦታ) መትከል ጀምሩ።

ነጥቡ የሚተከለው በየ1 ኪሎ ሜትሩ በተሰመረው የፍርግርግ መስመር መገናኛ ላይ እንጂ በወረቀቱ አራት ማዕዘኖች ላይ አይደለም። ማዕዘኖቹ የተጻፉት በዲግሪ ስለሆነ ከሜትር ቁጥር ጋር ይምታታሉ። የፍርግርጉ ቁጥር ጠርዙ ላይ በሁለት መጠን ነው የሚታተመው፦ ትንሽ 4 እና ትልቅ 32 ካያችሁ 432,000 ነው፤ ትንሽ 14 እና ትልቅ 64 ከሆነ 1,464,000። ትንሿን አሃዝ መርሳት ነጥቡን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ያርቀዋል።

መገናኛውን እስከሚቻለው ድረስ አቅርባችሁ፣ የመስመሩ ውፍረት መካከል ላይ ተጫኑ። 12 ነጥቦች በቂ ናቸው፦ በአራቱ ማዕዘን አካባቢ አራት፣ በየጎኑ መካከል አራት፣ ወደ ውስጥ አራት። ሁሉንም መሃል ላይ ማከማቸት ጠርዙን ይለቀዋል። ወረቀቱ ታጥፎ የቆየ ከሆነ በእጥፉ ግራና ቀኝ ነጥብ ጨምሩ።

በቅንብሩ ውስጥ «ትራንስፎርሜሽን ታይፕ» ላይ «ፖሊኖሚያል 1» ምረጡ፤ በ«ታርጌት ሲአርኤስ» 20137፤ በ«ሪሳምፕሊንግ» «ኒረስት ኔበር»፤ በ«ኮምፕሬሽን» «ኤልዜድደብሊው»። ታርጌቱ ላይ 32637 አለማስገባታችሁን ሁለት ጊዜ ተመልከቱ፤ ያነበባችሁት ቁጥር የአዲንዳን ነውና።

ፖሊኖሚያል 1 ሦስት ነጥብ ብቻ ቢበቃውም በሦስት ነጥብ ስሕተቱ ሁልጊዜ ዜሮ ስለሚሆን አንዱ ነጥብ ቢሳሳት አይታወቅም። ፖሊኖሚያል 2 ቢያንስ ስድስት፣ ፖሊኖሚያል 3 ቢያንስ ዐሥር ነጥብ ይፈልጋሉ፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ለተቃኘ ካርታ አያስፈልጉም፤ ነጥብ በሌለበት ጠርዝ ላይም ካርታውን ያጣምሙታል። «ቲን ፕሌት ስፕላይን» ደግሞ ነጥቦቹን ሁሉ አስገድዶ ስለሚያስገጥም የሚያሳየው ስሕተት ዜሮ ነው፤ ይህ ዜሮ የትክክለኛነት ማስረጃ አይደለም። ክፉኛ ለተጨማደደ ወረቀት ብቻ፣ ያውም በብዙ ነጥብ ይጠቀሙበት።

ከታች «ሚን ኤረር» የሚለው ቁጥር በፒክስል ነው። ለ1፡50,000 ካርታ ከ2 እስከ 3 ፒክስል፣ ማለትም ከ8 እስከ 13 ሜትር ጥሩ ነው። 10 ፒክስል ከሆነ ሠንጠረዡን በ«ረዚዱዋል» (በየነጥቡ ስሕተት) ደርድሩና ትልቁን ተመልከቱ። አንድ ነጥብ ብቻውን ከፈነገጠ ቁጥሩ ተሳስቷል፤ አርሙት እንጂ ዝም ብላችሁ አታጥፉት። ሁሉም እኩል ትልቅ ከሆኑ ምስሉ ጎብጧል። ነጥቦቹን በፋይል አስቀምጡ፤ ሥራውን መድገም ቢያስፈልግ ከዚያ ይነሣሉ።

ካርታው ሲወጣ የፕሮጀክቱን ሥርዓት 32637 አድርጉና የኦፕን ስትሪት ማፕ ወንዞችን ደርቡበት። ሶፍትዌሩ አዲንዳኑን እየሄደ ያዛውረዋል። ለማጣራት ነጥብ ያልተከላችሁባቸውን አምስት ወይም ስድስት ቦታዎች ምረጡ፦ የወንዝ መገናኛ፣ የመንገድ መታጠፊያ፣ የቆየ ድልድይ። የሳተላይት ምስልን በገደል አፋፍ ላይ እንደ ዳኛ አትቁጠሩት፤ በስሜን ዓይነት መሬት ምስሉ ራሱ ከገደሉ ቁመት የተነሣ በአግድም ሊንሸራተት ይችላል። ሜዳ ላይ ያለ ምልክት ይሻላል።

አካባቢው ከአንድ ገጽ በላይ ስለሚሸፍን እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ይሠራል፤ ከዚያ ነጩ ጠርዝ በ«ክሊፕ ራስተር ባይ ማስክ ሌየር» ይቆረጣል፤ ከዚያ ገጾቹ እርስ በርስ ይቀጠላሉ።

የከፍታውን መረጃ ማዘጋጀት

በየካቲት 2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ኢንዴቨር በራዳር የለካው ኤስአርቲኤም ለብዙ ሥራ ይበቃል። ጥራቱ፣ ማለትም የአንዱ ፒክስል ስፋት፣ 30 ሜትር ገደማ ነው። ሌላው አማራጭ የኮፐርኒከስ 30 ሜትር ዴም ነው፤ ከኤስአርቲኤም አዲስ ነው፤ በገደል አካባቢም ይሻላል። ሁለቱም የዛፍና የሕንፃ ጫፍን ጭምር እንደሚለኩ እወቁ። ብዙ ተማሪዎች የሚመርጡት «12.5 ሜትር አሎስ ፓልሳር» ግን በአብዛኛው ከኤስአርቲኤም 30 ሜትር ተነሥቶ ፒክስሉ የተከፋፈለ ነው፤ ተጨማሪ ዝርዝር የለውም፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል ሳይሆን ከኤሊፕሶይድ (በስሌት ከተወሰነ የምድር ቅርጽ) ነው የሚቆጠረው። ፋይሉን ከማክበዱ በቀር ጥቅም ስለሌለው አንመክረውም።

የኤስአርቲኤም ፋይል የሚሰየመው በደቡብ ምዕራብ ማዕዘኑ ነው። የእኛ ቦታ በሰሜን 13 ምሥራቅ 37 እና በሰሜን 13 ምሥራቅ 38 ፋይሎች ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱን አውርዱ። እያንዳንዳቸው 3601 በ3601 ፒክስል ናቸው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. በ«ራስተር»፣ «ሚሴሌኒየስ»፣ «መርጅ» ሁለቱን ቀጥሉ። የ«ኖዳታ» (መረጃ የሌለው ቦታ) ዋጋ −32768 መሆኑን ስጡት። ካልተሰጠ ባዶዎቹ ቦታዎች በስሪዲ ላይ 32 ኪሎ ሜትር የሚወርዱ ጉድጓዶች ሆነው ይመጣሉ።

2. በ«ክሊፕ ራስተር ባይ ኤክስቴንት» ከሚፈለገው ቦታ በየአቅጣጫው 2 ኪሎ ሜትር አስፍታችሁ ቁረጡ።

3. በ«ዋርፕ» ከ4326 ወደ 32637 አዛውሩ፤ የፒክስሉ መጠን 30፣ የስሌቱ ዓይነት «ባይሊኒየር»። ነባሪው «ኒረስት ኔበር» ከቀረ የከፍታ ረድፎች ይደጋገሙና በተራራው ጥላ ላይ ፍርግርግ የሚመስል መስመር ይወጣል።

4. ቀዳዳ ካለ «ፊል ኖዳታ»። ገደል ሥር ራዳሩ ያላየው ትንሽ ክፍተት በዚህ ይሞላል፤ ሰፊ ክፍተትን ግን ለስላሳ ሜዳ ስለሚያስመስለው በሌላ ዴም መተካት ይሻላል።

አሁን ከፍተኛውን ዋጋ ተመልከቱ። የራስ ደጀን ጫፍ ከሚታወቀው 4,550 ሜትር ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢመጣ ስሕተት አይደለም፤ 30 ሜትር ስፋት ያለው ፒክስል ሹል ጫፍን አማካይ አድርጎ ዝቅ ያደርገዋል።

የተራራ ጥላውን ማለትም «ሂልሼድ»ን ዴሙ ወደ ሜትር ከተዛወረ በኋላ ብቻ ሥሩ። አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ከሆነ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ኮረብታ ግድግዳ አድርጎ ያነበዋል፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ ብቻ ይሆናል። ነባሪው ብርሃን ከሰሜን ምዕራብ፣ ከ315 ዲግሪ ይመጣል። የስሜን ትልቁ ገደል ደግሞ ወደ ሰሜን ስለሚመለከት በዚህ ብርሃን ፊቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ግርማው ይጠፋል። ብርሃኑን ወደ ደቡብ ማዞር ሌላ ችግር ያመጣል፤ ዓይን ሸለቆውን ሸንተረር አድርጎ ያያል። «መልቲዳይሬክሽናል» የሚለውን ምርጫ ማብራት ለዚህ መሬት የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ጥላውን ከላይ አድርጋችሁ «ብሌንዲንግ ሞድ»ን «መልቲፕላይ» ስታደርጉት ከሥሩ ያለው ካርታ በጥላው ውስጥ ይታያል።

ወደ ስሪዲ

የፕሮጀክቱ ሥርዓት በሜትር፣ እዚህ 32637 መሆኑን አረጋግጡ። በአብዛኞቹ ቨርዥኖች ፕሮጀክቱ በዲግሪ ከሆነ የስሪዲ መስኮቱ አይሠራም። ከዚያ «ቪው»፣ «ስሪዲ ማፕ ቪውስ»፣ «ኒው ስሪዲ ማፕ ቪው»።

መጀመሪያ የሚታየው ጠፍጣፋ ነው። በመስኮቱ ቅንብር «ቴሬን» ውስጥ «ታይፕ»ን «ዴም (ራስተር ሌየር)» አድርጉና ያዘጋጃችሁትን ዴም ምረጡ፤ የተራራ ጥላውን እንዳትመርጡ፤ የጥላው ዋጋ ከ0 እስከ 255 የሆነ ብርሃን እንጂ ከፍታ አይደለም። «ቨርቲካል ስኬል»ን ለስሜን 1 ተዉት። እንደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ላለ ሜዳ 2 ወይም 3 ያስፈልጋል፤ ስሜን ግን በራሱ ቁመት ይበቃል፤ ተራራውን በ3 ማባዛት ሐሰተኛ ምስል ይሰጣል። 1 ያልሆነ ቁጥር ከተጠቀማችሁ በካርታው ላይ ጻፉት።

«ታይል ሪዞሉሽን» ነባሪው 16 ነው፤ ገደሉ የተቆራረጠ መስሎ ከታየ ወደ 32 ወይም 64 ከፍ አድርጉት። በመሬቱ ቁርጥራጮች መካከል ቀጭን ስንጥቅ ከታየ «ስከርት ሃይት»ን ከ10 ወደ 50 ወይም 100 ውሰዱ። የተለጠፈው ካርታ ጽሑፍ ከደበዘዘ «ማፕ ታይል ሪዞሉሽን»ን ከ512 ወደ 1024 አሳድጉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከጨመራችሁ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፤ አንድ በአንድ ሞክሩ።

መስመሮቹ የሚቀመጡበት መንገድ ሁለት ነው። ምንም የስሪዲ ስታይል ካልሰጣችኋቸው እንደ ሥዕል መሬቱ ላይ ይለጠፋሉ፤ ለወንዝና ለኮንቱር ይህ በቂ ነው። ለእግር መንገድ፣ ከሳንቃ በር በግጭ በኩል ወደ ጨነቅ እንደሚሄደው ላለ፣ ጎልቶ እንዲታይ የስሪዲ መስመር ይሻላል። ያኔ ግን በሁለት ነጥቦች መካከል መስመሩ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ኮረብታው ውስጥ ይሰምጣል። መጀመሪያ በ«ዴንሲፋይ ባይ ኢንተርቫል» በየ30 ሜትሩ ነጥብ ጨምሩ፤ ከዚያ «አልቲቲውድ ክላምፒንግ»ን «ሬላቲቭ»፣ «ባይንዲንግ»ን «ቨርቴክስ»፣ ከፍታውን 10 ሜትር አድርጉ። ጂፒኤክስ ፋይልን «አብሶሉት» ላይ አትተዉት፤ የእጅ ጂፒኤስ ከፍታ ከዴሙ ጋር ስለማይገጥም ዱካው እዚህ ተቀብሮ እዚያ ይንሳፈፋል።

ለሕንፃዎች ግን «ባይንዲንግ» «ሴንትሮይድ» ይሁን። «ቨርቴክስ» ከሆነ ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ጣሪያው እንደ መሬቱ ያዘነብላል። «ኤክስትሩዥን» ላይ የፎቅ ብዛት ያለበትን ዓምድ በ3 አባዙ።

አሁን እውነተኛው ፈተና ይመጣል። በሺፍትና በግራ መዳፊት ምስሉን እያዞራችሁ ወንዞቹን ከምንጫቸው ተከተሉ። ሁሉም ከሸለቆው ወለል ላይ ናቸው? የተቃኘውን ካርታ ደግሞ መሬቱ ላይ ለጥፉና የታተሙት ኮንቱሮች አግድም መሄዳቸውን እዩ፤ አንድ ኮንቱር ገደሉን እየወጣና እየወረደ ከሄደ ሌየሩ ተዛንፏል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እኩል ከተዛነፉ ወደ መለያ ቁጥሩ ተመለሱ፤ አንዱ ጥግ ብቻ ከሆነ ወደ ቁጥጥር ነጥቦቹ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻ 20 ወይም 30 ሜትር ከሆነ የዴሙ ፒክስል ስፋት ነውና ተዉት።

ሥራው ሲያልቅ ምስሉን ከመስኮቱ በ«ሴቭ አዝ ኢሜጅ» ማውጣት ይቻላል። ኪውጂአይኤስ ለሌለው ሰው ለማሳየት ግን «ኪውጂአይኤስ ቱ ስሪጄኤስ» የተባለው ፕለጊን በብራውዘር የሚከፈት፣ በጣት የሚሽከረከር ካርታ ይሠራል። ስልክ ላይ የሚከፈት ከሆነ የዴሙን ዝርዝር ቀንሱ። ለትምህርት ቤት ቅርጹን በስሪዲ ማተሚያ ማሳተም የሚፈልግ ሰው «ዴም ቱ ስሪዲ» የሚለውን ፕለጊን ይጫንና መጠኑን አስቀድሞ ያስላ፦ 65 በ33 ኪሎ ሜትሩ በ1፡250,000 መጠን 26 በ13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 2,500 ሜትር የከፍታ ልዩነት 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ይመጣል። እዚህ ላይ ቁመቱን በ2 ማባዛት ተገቢ ነው፤ ጣት የሚዳስሰው ቅርጽ ከስክሪን ይልቅ ዝቅ ብሎ ይታያልና። የመነሻውን ከፍታ ከአካባቢው ዝቅተኛ ነጥብ ጥቂት ዝቅ አድርጉ፤ አለበለዚያ ከታች ያለው ወለል ተቀድዶ ይታተማል።